የባሕር ላይ ቁፋሮ አደጋ «አንድ ጊዜ ብቻ» አልደረሰም፦ ሰፊ አንባቢ ላገኘ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በባሕር ላይ ስለሚካሄድ የነዳጅ ቁፋሮ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ቋንቋው የጠራ፣ አካሄዱም የሰከነ ስለሆነ ብዙዎች ቢወዱት አይገርምም። ይሁን እንጂ ዋና መደምደሚያው፣ ማለትም የባሕር ላይ ቁፋሮ ስጋት በቴክኖሎጂ ተፈትቶ ያለፈ ታሪክ ሆኗል የሚለው፣ ትክክል አይደለም። ስህተቱ በሠራተኞች ሕይወትና በባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች እንጀራ ላይ የሚመጣ በመሆኑ በዝምታ ማለፍ አልፈለግሁም።

አስቀድሜ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ከ50,000 በላይ ጉድጓዶች ተቆፍረው ታላቅ ጥፋት ያደረሰው በ2010 የፈነዳው የማኮንዶ ጉድጓድ ብቻ ስለሆነ፣ እርሱን እንደ ልዩ አጋጣሚ ልናየው ይገባል ይላሉ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያዎቹ ስለተሻሻሉ ተመሳሳይ አደጋ እንደማይደገም፣ ተፈጥሮ ራሷ ከባሕር ወለል የምታመነጨው ነዳጅ ቁፋሮ ከሚያፈሰው እንደሚበልጥና ባሕሩም ራሱን እንደሚያጠራ፣ ነዳጅን በመርከብ ከሩቅ ማምጣት ከቁፋሮው የባሰ አደጋ እንዳለውም ይከራከራሉ። አደጋ ሲደርስ ከማንም በላይ የሚከስረው ኩባንያው በመሆኑ ጥብቅ የመንግሥት ቁጥጥር ወጪ ከማናር ያለፈ ጥቅም የለውም ባይ ናቸው። በመጨረሻም የአፍሪካ አገሮች የሚያድጉት የኖርዌይን ፈለግ ተከትለው በመቆፈር እንጂ ስለ ዓሣና ስለ ወፍ በመጨነቅ አይደለም ብለው ይዘጋሉ። ከእነዚህ ነጥቦች እውነት ያለባቸውን በየቦታቸው እቀበላለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቁጥሩ ልጀምር። ከተቆፈሩት ጉድጓዶች እጅግ የሚበዙት ያለ ከባድ አደጋ መጠናቀቃቸው እውነት ነው። ነገር ግን አብዛኞቹ ለዳርቻው ቀረብ ባለና ጥልቀት በሌለው ውሃ የተቆፈሩ ሲሆኑ፣ ማኮንዶ ከሉዊዚያና ዳርቻ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ 1,500 ሜትር ገደማ ከሚሆን ውሃ ሥር ያለ ጉድጓድ ነበር። የአንዱ መዝገብ ለሌላው ዋስ ሊሆን አይችልም። ከዚህም በላይ «አንድ ጊዜ ብቻ» የሚለው አባባል በራሱ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤም ቢሆን እውነት አይደለም። በ1979 በሜክሲኮ በኩል ኢክስቶክ አንድ የተባለው ጉድጓድ ፈንድቶ ከሰኔ እስከ ቀጣዩ ዓመት መጋቢት ድረስ ሳይዘጋ ቆይቷል፤ የፈሰሰውም 3 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ነው። ያውም ውሃው 50 ሜትር ያህል ብቻ ጥልቀት ነበረው።

ከባሕረ ሰላጤው ወጥተን ዓለምን ብንቃኝ መዝገቡ ይረዝማል። በ1969 በካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ የደረሰው ፍንዳታ አሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ሕጎቿን እንድታወጣ ከገፋፏት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። በ1980 በሰሜን ባሕር የኖርዌይ ክፍል አሌክሳንደር ኪላንድ የተባለው ተንሳፋፊ መድረክ ተገልብጦ 123 ሰዎች ሞቱ። በ1982 በካናዳ ኒውፋውንድላንድ አቅራቢያ ኦሽን ሬንጀር የተባለው የቁፋሮ መድረክ ሲሰጥም ከ84ቱ ሠራተኞች አንድም አልተረፈም። በ1988 በሰሜን ባሕር የብሪታንያ ክፍል ፓይፐር አልፋ የተባለው የነዳጅ መድረክ ተቃጥሎ 167 ሰዎች አለቁ። በ2009 ደግሞ ከአውስትራሊያ በስተሰሜን የሞንታራ ጉድጓድ ለ74 ቀናት ፈሰሰ። እነዚህን ሁሉ ከሒሳቡ ካወጣን በኋላ የሚቀረውን ቁጥር «የደኅንነት መዝገብ» ብሎ መጥራት ለሟቾቹም ለአንባቢውም አግባብ አይደለም።

በቁጥሩ ክርክር ላይ ሌላም ችግር አለ፤ ይኸውም የሚቆጠረው ነገር ራሱ ነው። በማኮንዶ ይቆፍር የነበረው ዲፕዋተር ሆራይዘን በፈነዳበት ቀን፣ ማለትም ሚያዝያ 20 ቀን 2010፣ የሁለቱ ዋና ኩባንያዎች፣ ማለትም ጉድጓዱን የሚያስቆፍረው የብሪታንያው ቢፒና የመድረኩ ባለቤት፣ ኃላፊዎች በሄሊኮፕተር ወደ መድረኩ መጥተው ነበር። ከጉብኝቱ ዓላማዎች አንዱ መድረኩ ለሰባት ዓመታት ሠራተኛን ከሥራ የሚያስቀር ጉዳት ሳይደርስበት መቆየቱን ማድነቅ ነበር። መዝገቡ ሐሰት አልነበረም። መሰላል ላይ የሚንሸራተት፣ እጁን ማሽን የሚቆርጠው ሠራተኛ አልነበረም ማለት ነው። የጉድጓዱ ሲሚንቶ መያዝ አለመያዙን ግን ያ መዝገብ አይለካም፤ በዚያው ምሽት 11 ሰዎች የሞቱትም መዝገቡ በማይለካው ነገር ምክንያት ነው።

ጸሐፊው ሁሉንም ነገር የሚያሳርፉት በቴክኖሎጂ ላይ ስለሆነ ያን ምሽት ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ጉድጓዱ ተቆፍሮ አልቋል፤ ታችኛው ጫፍ በሲሚንቶ ተደፍኗል፤ የቀረው ሥራ መድረኩን ነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሲሚንቶው ነዳጁን መያዙ ይፈተናል። አሠራሩ ለመረዳት አይከብድም፦ ከላይ ሆኖ ጉድጓዱን የሚጫነው ከባድ የቁፋሮ ጭቃ በከፊል ይነሳና ቀለል ባለ የባሕር ውሃ ይተካል፤ ሲሚንቶው ጥሩ ከሆነ ከታች ምንም ነገር አይገፋም፤ የግፊት መለኪያውም ዜሮ ላይ ይቆያል። በዚያ ምሽት በመቆፈሪያው ቧንቧ ላይ ያለው መለኪያ በስኩዌር ኢንች 1,400 ፓውንድ አሳየ። ቧንቧው ሲከፈት ግፊቱ ይወርዳል፣ ሲዘጋ ተመልሶ ይወጣል። ከጎን ያለው ሌላ ቀጭን መስመር ግን ግፊት አላሳየም። ሠራተኞቹና ተቆጣጣሪዎቻቸው በሁለቱ መለኪያዎች ልዩነት ላይ ተከራከሩ፤ በመጨረሻም ለ1,400ው ግፊት ሳይንሳዊ መሠረት የሌለው ማብራሪያ ተሰጠውና ፈተናው እንዳለፈ ተቆጠረ። ጭቃው መነሳቱ ቀጠለ፤ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ጋዙ መድረኩ ላይ ደርሶ ፈነዳ።

እዚህ ላይ የጎደለው መሣሪያ የቱ ነው? መለኪያው ሠርቷል፤ ያሳየውም ትክክለኛውን ነገር ነው። የጎደለው «ቁም» የሚል ሰው፣ እንዲህ የሚልበት ሥልጣንና ይህን በማለቱ የማይጠየቅበት አሠራር ነው። በዚያው ቀን ጠዋት የሲሚንቶውን ጥራት በመሣሪያ ሊመረምሩ መድረኩ ላይ የተገኙ ባለሙያዎች ምርመራው አያስፈልግም ተብለው ተመልሰዋል። ሥራው ከዕቅዱ ከአንድ ወር በላይ ዘግይቶ ነበር፤ እያንዳንዱ ቀን ደግሞ ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር ያስወጣል። ፕሬዚዳንቱ የሾሙት አጣሪ ኮሚሽን በጥር 2011 ባወጣው ሪፖርት ዋናውን ጉድለት በአመራሩ ላይ ነው ያገኘው፤ ችግሩም የአንድ ኩባንያ ሳይሆን የመላው ኢንዱስትሪ መሆኑን ጽፏል።

የመጨረሻው መከላከያ ተብሎ ባሕር ወለል ላይ የሚተከለው ከ300 ቶን በላይ የሚመዝን የጉድጓድ መዝጊያ መሣሪያም አልታደገም። ቧንቧውን ቆርጦ ጉድጓዱን እንዲዘጋ የተሠራ ቢሆንም፣ ቧንቧው በግፊቱ ጎብጦ ከመሐል ስለወጣ በሚገባ ሊቆርጠው አልቻለም። በመቆጣጠሪያ ሣጥኖቹም ውስጥ የሽቦ አያያዝና የባትሪ ጉድለት ተገኝቷል። መሣሪያ የሚጠገነው፣ የሚፈተሸውና ባትሪው የሚቀየረው በሰው ነውና «መሣሪያው ተሻሽሏል» የሚለው መልስ ጥያቄውን አይዘጋውም።

በዚህ ነጥብ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው አለ። ከ2010 በኋላ በጥልቅ ውሃ ውስጥ የፈነዳን ጉድጓድ የሚከድን መሣሪያ አስቀድሞ ተሠርቶ በተጠንቀቅ እንዲቀመጥ ተደርጓል፤ ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። በ2010 እንዲህ ያለ ዝግጅት ስላልነበረ በመጀመሪያ የወረደው ግዙፍ የብረት ክዳን በረዶ መሰል ውሁድ ደፍኖት ከሸፈ፤ ቀጥሎም ጭቃ በኃይል በመርጨት ለማፈን የተደረገው ሙከራ አልሠራም፤ ፍሰቱ የቆመው በ87ኛው ቀን ነው። ዛሬ ቢሆን በሳምንታት ይዘጋ ይሆናል። ሆኖም ቶሎ መዝጋትና እንዳይፈነዳ መከላከል የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አሥራ አንዱ ሰዎች የሞቱት ፍሰቱ ከመቆጠሩ በፊት ነው። «ቴክኖሎጂው አድጓል፣ አያሰጋም» የሚለው ቃልም አዲስ አይደለም። ፕሬዚዳንት ኦባማ ሚያዝያ 2 ቀን 2010 የዛሬ ዘመን የቁፋሮ መድረኮች በአብዛኛው ነዳጅ እንደማያፈስሱና በቴክኖሎጂ እጅግ የረቀቁ እንደሆኑ ተናግረው ነበር፤ ፍንዳታው የደረሰው ከ18 ቀናት በኋላ ነው።

ፓይፐር አልፋም ይህንኑ ይመሰክራል። የአንድ ፓምፕ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ለጥገና ተፈትቶ፣ ቦታው ላላ ባለ ክዳን ብቻ ተሸፍኖ ነበር። ቫልቩ አለመመለሱን የሚገልጸው የፈቃድ ወረቀት የማታው ፈረቃ እጅ አልደረሰም። ማታ ሌላው ፓምፕ ሲቆም ሠራተኞቹ የተፈታውን አስነሱ። የአንድ ወረቀት ጉዳይ 167 ሰው በላ። ከዚያ በኋላ የተደረገው የሎርድ ከለን ምርመራ 106 ምክረ ሐሳቦችን አቀረበ። ከዋናዎቹ አንዱ እያንዳንዱ መድረክ አደገኛ ሁኔታዎቹን ዘርዝሮ እንዴት እንደሚከላከላቸው በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ሌላው ነዳጅ ማምረትን የሚያበረታታው መሥሪያ ቤት ደኅንነትን እንዳይቆጣጠር ያደረገው ነው። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ነጥብ ተፈጥሮን ይመለከታል። ከባሕር ወለል በተፈጥሮ የሚመነጭ ነዳጅ መኖሩ እውነት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2003 ባወጣው ግምት በዓለም ባሕሮች ከሚገባው ነዳጅ ግማሽ ሊሞላ ምንም ያህል ያልቀረው፣ በዓመት ወደ 600,000 ቶን የሚጠጋው፣ ከተፈጥሮ ምንጮች ሲሆን የቁፋሮው ድርሻ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ጸሐፊው የጠቀሱት ይህንኑ ግምት ይመስላል። ነገር ግን ስሌቱ የተሠራው በ1990ዎቹ መረጃ ላይ ነው፤ ያም ከኢክስቶክ በኋላና ከማኮንዶ በፊት የነበረ፣ እነርሱን የሚያክል ፍንዳታ ያልነበረበት ዘመን ነው። የአሜሪካ ፍርድ ቤት ለማኮንዶ የወሰነውን 3.19 ሚሊዮን በርሜል ወደ ክብደት ብንለውጠው ከ430,000 ቶን ያላነሰ ይሆናል። የዓለም የተፈጥሮ ምንጮች በሙሉ በዓመት ከሚያወጡት ከሦስት እጅ ሁለቱን የሚያልፍ ነዳጅ አንድ ጉድጓድ በ87 ቀናት አፍስሷል ማለት ነው። የመንግሥት ግምት ደግሞ ከዚህ ከፍ ብሎ 4.9 ሚሊዮን በርሜል ነበር። በሺህ ቦታ ጠብ ጠብ የሚለውን፣ ባክቴሪያዎችም ለዘመናት የለመዱትን ምንጭ ከዚህ ጋር ማመሳሰል ዝናብንና ጎርፍን አንድ እንደማድረግ ነው።

«ባሕሩ ራሱን ያጠራል» የሚለውም ከፊሉ ልክ ነው። ነዳጁን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ከተጠበቀው በላይ ሠርተዋል፤ በከፋው ጊዜ በፌዴራል መንግሥቱ ሥር ካለው የባሕረ ሰላጤው ውሃ ከሦስት እጅ አንዱን ያህል የሸፈነው የዓሣ ማስገር እገዳም በ2011 ሙሉ በሙሉ ተነስቷል። ሆኖም ሰው ከውሃው ላይ ቀፎ ወይም አቃጥሎ ያስወገደው ከፈሰሰው አንድ አሥረኛውን አይሞላም፤ 7 ሚሊዮን ሊትር ገደማ መበተኛ ኬሚካልም ተረጭቷል። ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ዳርቻ ነዳጅ ነክቶታል። በባራታሪያ የባሕር ወሽመጥ የሚኖሩ ዶልፊኖች ከዓመታት በኋላም የሳንባ በሽታ ተገኝቶባቸዋል፤ ካረገዙት ውስጥ በሕይወት የሚቆይ ግልገል የወለዱት ጥቂቶቹ ናቸው። ውሃው ከላይ ጠርቶ መታየቱ ከሥሩ ያለውን አይናገርም።

ስለ ነዳጅ ጫኝ መርከቦች የቀረበውን በአጭሩ ልለፈው። ክርክሩ ዘመኑ አልፎበታል። ከ1989ኙ የኤክሰን ቫልዲዝ አደጋ በኋላ አሜሪካ መርከቦች ድርብ ግድግዳ እንዲኖራቸው በሕግ አስገደደች፤ ዓለምም ተከተላት። በ1970ዎቹ በዓመት በአማካይ ከ70 በላይ የነበረው መካከለኛና ትልቅ የመርከብ ነዳጅ መፍሰስ በ2010ዎቹ ከ10 በታች ወርዷል። ይህን ያመጣው ደግሞ ጸሐፊው ጥቅም የለውም የሚሉት የመንግሥት ቁጥጥር ነው። ከዚህም ሌላ አሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ ወደ ውጭ እንዳይሸጥ ያገደችበትን ሕግ በ2015 መጨረሻ ካነሳች ወዲህ ከዚያው ባሕር የሚወጣው ነዳጅ በመርከብ ተጭኖ ይሸጣል። መቆፈር መርከቡን አያስቀርም።

አምስተኛው ነጥብ፣ ኩባንያው ለራሱ ሲል ይጠነቀቃል የሚለው፣ ለብዙ አንባቢ አሳማኝ የሚመስለው ነው። እውነት ነው፣ ቢፒ በማኮንዶ ምክንያት ከ60 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ ደርሶበታል፤ ኩባንያ እንዲህ ያለ ኪሳራ አይመኝም። ግን ውሳኔውን የሚወስነው «ኩባንያው» የሚባል አንድ አካል አይደለም። ሌሊት መለኪያውን እያየ የሚወስነው ሰው ፊቱ ላይ ያለው የዛሬው የአንድ ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንጂ ሊመጣ የሚችለው የ60 ቢሊዮን ኪሳራ አይደለም። ለአደጋ መዘጋጀትንም ለኩባንያዎቹ የተወ ሥርዓት ምን እንዳፈራ አይተናል። ለሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በቀረበው የቢፒ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ውስጥ ጥበቃ ከሚሹ እንስሳት መካከል ዋልረስ ተጠቅሶ ነበር። ዋልረስ በሰሜን ዋልታ በረዶ አካባቢ የሚኖር እንስሳ ነው። በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት እንደተጋለጠው የሌሎች ታላላቅ ኩባንያዎች ዕቅዶችም ይህንኑ ይዘዋል፤ አንዱ ከሌላው ሲገለብጥ ማንም አላነበበውም፣ ተቆጣጣሪው ግን አጽድቆታል።

ያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከነዳጅ የሚገኘውን ገቢ የሚሰበስበውና ደኅንነቱንም የሚጠብቀው እርሱው ራሱ ነበር። ከ3,000 በላይ መድረኮች ላሉበት ባሕር 60 ገደማ ተቆጣጣሪዎች ብቻ ነበሩት። ከአደጋው በኋላ ፈርሶ በሦስት መከፈሉ ብሪታንያ ከፓይፐር አልፋ በኋላ የተማረችውን አሜሪካ ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይታ መማሯን ያሳያል። የጉድጓድ ቁጥጥር ደንቡ በ2016 ጠበቀ፣ በ2019 ላላ፣ በ2023 ከፊሉ ተመለሰ። መሣሪያው በእነዚያ ዓመታት አልተለወጠም፤ የተለወጠው መንግሥት ነው። ቴክኖሎጂው ብቻውን ዋስ ከሆነ ደንቡን ለማላላት ያ ሁሉ ግፊት ለምን አስፈለገ?

ደግሞም ሁሉም ኩባንያ ቢፒን የሚያህል ኪስ የለውም። በ2004 ኢቫን የተባለው አውሎ ነፋስ ባስነሳው የባሕር ወለል መንሸራተት የቴይለር ኢነርጂ መድረክ ተገልብጦ ከሥሩ ያሉት ጉድጓዶች በጭቃ ተቀበሩ። ኩባንያው ሀብቱን ሸጠ፤ የሚፈሰው በቀን ጥቂት ጋሎን ነው እያለም ዓመታት አሳለፈ። በ2019 መንግሥት ያስተከለው ማጠራቀሚያ በቀን ከ1,000 ጋሎን በላይ ሲሰበስብ እውነቱ ወጣ። አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላ ሲል ማለት ነው።

የመጨረሻው ነጥብ አፍሪካን ይመለከታል፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ሴኔጋል በ2024 ከሳንጎማር መስክ ነዳጅ ማምረት ጀምራለች፤ በሶማሊያ ባሕርም በ2024 መጨረሻ የቱርክ መርከብ የነዳጅ ጥናት ጀምሯል። እነዚህ አገሮች ሀብታቸውን የማውጣት መብት አላቸው፤ ሀብታም አገሮች ሲቆፍሩ ኖረው ለድሃው «ተው» ማለታቸውም ፍትሐዊ አይደለም። በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። የማልስማማው ኖርዌይን በጠቀሱበት አኳኋን ነው። ኖርዌይ ከ1977 ጀምሮ የሠራተኛው የደኅንነት ተወካይ አደገኛ ሥራን በራሱ ሥልጣን እንዲያስቆም በሕግ ፈቅዳለች። በ2004 ደግሞ የደኅንነት ተቆጣጣሪውን ከነዳጅ ሀብት አስተዳደሩ ለይታ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አድርጋለች። ጸሐፊው የኖርዌይን ገንዘብ አሳይተውን ገንዘቡን ያስጠበቀውን ሥርዓት ግን «ወጪ የሚያንር» ብለውታል።

ሥርዓቱ የሌለበትን ማየት ለሚፈልግ ናይጄሪያ አለች። በታኅሣሥ 2011 ከዳርቻው 120 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው የሼል የቦንጋ መስክ ነዳጅ ወደ መርከብ ሲጫን 40,000 በርሜል ያህል ፈሰሰ። ኩባንያው ነዳጁ ዳርቻ ሳይደርስ ተበትኗል ሲል፣ የዳርቻው ነዋሪዎች ደርሶብናል ብለው እስከ ብሪታንያ ተከራከሩ፤ በ2023 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የክሱ ጊዜ አላለፈም ለማለት ያቀረቡትን ዋና መከራከሪያ ውድቅ አደረገ። በ2022 ደግሞ ትሪኒቲ ስፒሪት የተባለው በ1976 የተሠራ አሮጌ የነዳጅ ማከማቻ መርከብ 10 ሠራተኞች እያሉበት ፈንድቶ ሰጠመ፤ የሚያስተዳድረው ድርጅት በዕዳ ተይዞ ነበር። ቢፒ ለሉዊዚያና ዓሣ አስጋሪ የከፈለው አሜሪካዊ ሕግና አሜሪካዊ ፍርድ ቤት ስለነበረ ነው።

ባሕር ድንበር አያውቅም። ከሞንታራ የፈሰሰው ነዳጅ ያጠፋው የአውስትራሊያን ሳይሆን የኢንዶኔዥያ ገበሬዎችን የባሕር ሣር እርሻ ነበር፤ በፍርድ ቤት የረቱትም ከ12 ዓመት በኋላ በ2021 ነው። በቀይ ባሕርም ከየመን ዳርቻ ከ1.1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ነዳጅ የያዘው ሴፈር የተባለ ያረጀ ማከማቻ መርከብ በጦርነቱ ምክንያት ለዓመታት ያለ ጥገና ቆሞ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት በ2023 ነዳጁን ወደ ሌላ መርከብ ባያዛውረው ኖሮ ጽዳቱ ብቻ 20 ቢሊዮን ዶላር ይፈጅ እንደነበር ገምቷል። የኢትዮጵያ ነዳጅ የሚገባበት የጅቡቲ ወደብ ያለው በዚያው ባሕር ደቡባዊ መውጫ አጠገብ ነው። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ይሉት ምክር እዚያ በጭንቅ ሠርቷል።

ስለዚህ በአፍሪካ ቀንድ ዳርቻ ቁፋሮ የሚፈቅድ ውል ሲፈረም ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። መለኪያው 1,400 ሲያሳይ ሥራውን የሚያስቆመው ማን ነው? ደመወዙንስ የሚከፍለው ማን ነው? ኩባንያው ቢከስር ጉድጓዱን የሚዘጋበት ገንዘብ አስቀድሞ በማን እጅ ይያዛል? የጎረቤት አገር ዓሣ አስጋሪ ቢጎዳ በየትኛው ፍርድ ቤት ይከሳል? በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ስለ ኖርዌይ ሲያነሱ እነዚህን ጥያቄዎች ኖርዌይ እንዴት እንደመለሰቻቸው ቢያስረዱን፣ የእኔንም ስሌት ስህተት ካገኙበት ቢያርሙኝ፣ ክርክሩ ለሁላችንም ይጠቅማል።